የደሴ ሱቆች ደረቅ እርሾ ለባዮሎጂ ክፍል፦ ለማይቶሲስ ሸጋ፣ ለሚዮሲስ አይመከርም

ደሴ ፒያሳ ባሉ ሱቆች በትንንሽ እሽግ የሚሸጠው ደረቅ የዳቦ እርሾ ማይቶሲስን (አንድ ሕዋስ ራሱን የመሰሉ ሁለት ሕዋሳት የሚሆንበትን ክፍፍል) ለማሳየት በቂ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርሾ፣ አንድ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ፤ ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ በ400 እጥፍ ማጉያ ሲታይ ከእናቲቱ ሕዋስ ጎን ቡቃያዋ ጉብ ብላ ትገኛለች። የደሴ ብርድ ስለሚያዘገየው ብርጭቆውን 30 ዲግሪ አካባቢ ማቆየት ነው።

ሚዮሲስ (ዲኤንኤ የያዙት ክሮሞዞሞች ብዛት በግማሽ የሚቀንስበት ክፍፍል) ላይ ግን ያስቸግራል፤ እርሾ በሚዮሲስ የሚያወጣው ስፖር የተባሉ የመራቢያ ሕዋሳትን ሲሆን፣ ለዚህ መራብ አለበት። እርሾውን ደጋግሞ በውሃ አጥቦ 1 በመቶ ፖታሲየም አሲቴት ውስጥ መጨመር፣ አየር እንዲያገኝ ጠርሙሱን ከአንድ አምስተኛ በላይ ሳይሞሉ እየነቀነቁ ከ3 እስከ 5 ቀን መጠበቅ ይጠይቃል። የስኳር ወይም የናይትሮጅን ትራፊ ካለ ስፖር አይጠበቅም። የዳቦ እርሾ የክሮሞዞም ብዛቱ ብዙ ጊዜ የተዛነፈ ስለሆነም አራት ደህና ስፖር የሚያወጣው ሕዋስ ጥቂት ነው፤ ለዚህ የላቦራቶሪ ዝርያ ይሻላል።

ማይክሮስኮፑ የማያሳየውን መምህሩ ይጨምርበት፦ በማይቶሲስም በሚዮሲስም ዲኤንኤው የሚባዛው አንዴ ብቻ፣ ከሞላ ጎደል ከእነዚያው መነሻዎች (ብዜቱ ከሚጀምርባቸው የዲኤንኤ ቦታዎች) ነው። ከሚዮሲስ በፊት ያለው ብዜት ግን ከማይቶሲሱ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ጊዜ ይወስዳል፤ እህት ክሮማቲዶችን (የተባዛውን ክሮሞዞም ሁለት ቅጂዎች) የሚያስረው ሬክ 8 የተባለው ፕሮቲንም ያኔ ይገባል። ከዚያ የሚዮሲስ ሁለቱ ክፍፍሎች ይከታተላሉ፤ በመካከላቸው ብዜት የለም።