የዘይት ግፊቱ ለወረደ አሮጌ የጭነት መኪና ምን ይገዛ? ጌጅ፣ ወፍራም ዘይት፣ ፓምፕና ብሮንዚን በንጽጽር

ከድሬዳዋ ሙሉ ጭነት ይዞ የደንገጎን ዳገት የወጣ አሮጌ አይሱዙ፣ ዳገቱን ጨርሶ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው በዝቅተኛ ዙር፣ ሲቆም የዘይት መብራቱ ብልጭ ብልጭ ካለ፣ ባለንብረቱ ብዙ ጊዜ ሳይውል ሳያድር ወደ መለዋወጫ መደብር ይሄዳል። አንዱ ወፍራም ዘይት ጨምር ይለዋል፤ ሌላው ፓምፑን ቀይር፣ ሦስተኛው ደግሞ ሞተሩን አውርድ ይለዋል። ሦስቱም ምክሮች እንደ ሁኔታው ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ በዋጋ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ስለዚህ ግፊቱ በእውነተኛ መለኪያ ሳይለካ ከዘይትና ከፊልትሮ በቀር ምንም ዕቃ መግዛት አይገባም የሚል ጽኑ እምነት አለኝ።

የዳሽቦርዱ መብራት ግፊትን አይለካም። ግፊቱ በአብዛኛው ከግማሽ ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ በታች ሲወርድ የሚበራ፣ ከዚያ በላይ ሲሆን የሚጠፋ ማብሪያ ብቻ ነው። መብራቱ ጠፍቶ ግፊቱ 0.7 ባር ሊሆን ይችላል፤ 4 ባርም ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ ሞተር ትክክለኛው ልክ በአምራቹ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ መጽሐፉ በሌለበት ግን መካኒኮች የሚጠቀሙበት ግምት ሞተሩ በደቂቃ ለሚዞረው ለእያንዳንዱ 1000 ዙር ቢያንስ 0.7 ባር ገደማ፣ ማለትም 10 ፒኤስአይ፣ መኖር አለበት የሚል ነው።

ለመለካት ከሚሸጡት ከሁለቱ የጌጅ ዓይነቶች ሜካኒካሉን አስቀድማለሁ። ሜካኒካል ጌጅ ዘይቱን በቀጭን ቱቦ እስከ መለኪያው ድረስ ስለሚያመጣ መርፌውን የሚገፋው የዘይቱ ግፊት ራሱ ነው፤ የባትሪ መድከምም ሆነ የሽቦ መላላት አያሳስተውም። ጉድለቱ ትኩስ ዘይት ወደ ጋቢና ማስገባቱ ነው። አብሮት የሚሸጠው የፕላስቲክ ቱቦ በጭስ ማውጫው አጠገብ ካለፈ ይቀልጣል፤ የመዳብ ቱቦ ሙቀቱን ይችላል፣ ነገር ግን በንዝረት እንዳይሰበር ሞተሩ አጠገብ አንድ ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ መታሰር አለበት። ለምርመራ ብቻ ከተፈለገ መኪናው ቆሞ ተለክቶ ስለሚነቀል ይህ ሁሉ አያሳስብም።

የኤሌክትሪክ ጌጅ ለዕለት ተዕለት ክትትል ይመቻል፤ ሲገዛ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አብዛኞቹ የጭነት መኪናዎች በ24 ቮልት ስለሚሠሩ የ12 ቮልት ጌጅ ይቃጠላል። ሴንሰሩና ጌጁም መመሳሰል አለባቸው፤ በአውሮፓ የተለመደው ሴንሰር ከ10 እስከ 180 ኦም ሲሠራ የአሜሪካው ከ240 ወደ 33 ኦም ስለሚወርድ፣ ተቀላቅለው ሲገጠሙ መርፌው ፈጽሞ የተሳሳተ ነገር ያሳያል። ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ኔጌቲቩን የሚያገኘው ከሞተሩ አካል በመሆኑ፣ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን አብዝቶ መጠቅለል ግንኙነቱን ሊያቋርጥ ይችላል።

ሁለቱንም ዓይነት የሚመለከት አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ጉዳት የሚደርሰውም በዚሁ ነው። የጃፓን ሞተሮች የሴንሰር ቀዳዳ በብዛት 1/8 ኢንች ሆኖ በአንድ ኢንች 28 ጥርስ ያለው ሲሆን፣ የአሜሪካው 1/8 ኢንች ደግሞ 27 ጥርስ አለው። በዓይን አይለዩም፤ የተሳሳተው ሁለት ሦስት ዙር ገብቶ ይጠብቃል፣ በቁልፍ ከተገፋም የቀዳዳውን ጥርስ ይበላል። ወደ መደብር ሲኬድ የተፈታውን ሴንሰር ይዞ መሄድና ከአዲሱ ጋር ጥርስ በጥርስ አስተያይቶ መግዛት ይህን ጣጣ ያስቀራል።

ጌጁ ሲገጠም መለካት ያለበት ሞተሩ በደንብ ከጋለ በኋላ ነው። ከድሬዳዋ በ1200 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ ከ2000 ሜትር በላይ የሚወጣው የደንገጎ መንገድ ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ሲወረድ ግን ሞተሩ ስለማይደክም ዘይቱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ንባቡም ያታልላል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ገና በማለዳ፣ ዘይቱ ሳይሞቅ በሚያየው ከፍተኛ ግፊት መርካት የለበትም። ግፊቱ በሚኒሞ ዝቅ ብሎ ነዳጅ ሲሰጠው በደንብ የሚወጣ ከሆነ፣ ዘይቱ ቀጥኗል ወይም ብሮንዚኑ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ (ክራንክ ሻፍቱ) የሚሽከረከርበት ስስ የብረት ሽፋን፣ ሰፍቷል። ቀዝቃዛም ትኩስም ሆኖ በሁሉም ዙር ዝቅተኛ ከሆነ ፓምፑ ወይም የግፊት መቆጣጠሪያው ቫልቭ ይጠረጠራል። ዙሩ ሲጨምር ግፊቱ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ በኮፓው (ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ያለው የዘይት መምጠጫ ወንፊት መደፈኑ ወይም ዘይቱ ማነሱ ይታሰባል። ጌጁ ጤናማ ግፊት እያሳየ መብራቱ ብቻ ከበራ፣ የሚገዛው ርካሹ የመብራቱ ሴንሰር ነው።

ወፍራም ዘይትን በሚመለከት፣ በድሬዳዋ ሙቀት 20ደብሊው-50 ዘይት አምራቹ እስከ ፈቀደ ድረስ ነውር የለበትም። ሞተሩ ሲግል ከ15ደብሊው-40 ይልቅ ወፍራም ሆኖ ስለሚቆይ መርፌውን በጥቂቱ ከፍ ያደርጋል፤ የሰፋውን ብሮንዚን ግን አያጠብም። ከውፍረቱ በላይ የሚያስፈልገው በቆርቆሮው ላይ እንደ ሲኤች-4 ወይም ሲአይ-4 ያለ የናፍጣ ሞተር ደረጃ መጻፉ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ዘይቱ ይሸተት። የናፍጣ ሽታ ካለውና ልኩ ሳይጨመርበት ከፍ ካለ፣ ናፍጣ ከኢንጀክተር ወይም ከነዳጅ ፓምፕ እየገባ ነው፤ ያ ሳይዘጋ የሚፈሰው ዘይት ምንም ያህል ወፍራም ቢሆን ተመልሶ ይቀጥናል።

በፓምፕና በብሮንዚን መካከል ሲመረጥ፣ ባረጀ ሞተር ላይ አስቀድሞ የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ ብሮንዚኑ ነው፤ ፓምፑ ዘወትር በዘይት ውስጥ ስለሚሠራ ዕድሜው ይረዝማል። ፓምፕ ዘይትን ይገፋል እንጂ ግፊትን በራሱ አይፈጥርም፤ ግፊቱ የሚመጣው ዘይቱ በጠባብ ክፍተት ለማለፍ ሲታገል ነው። ስለዚህ ክፍተቱ በሰፋ ሞተር ላይ አዲስ ፓምፕ መግጠም ለጥቂት ጊዜ ያስደስታል፤ ውሎ አድሮ ግን ብሮንዚኑ ያልቅና ሞተሩ ነክሶ ይቆማል። ኮፓው ከወረደ አይቀር ወንፊቱ ይታጠብ፣ ቫልቩ ይፈተሽ፣ ከዚያም አንድ ሁለት የብሮንዚን ክዳን ተከፍቶ ይታይ። የክራንክ ሻፍቱ ገጽ ለስላሳ ከሆነና ልኩ ካልጎደለ፣ በብዙ ሞተሮች ላይ አዲስ ስታንዳርድ (ላልተፈጨ ክራንክ ሻፍት ልክ የሆነ) ብሮንዚን ሞተሩ ሳይወርድ ከሥር ሊገጠም ይችላል። ከተቧጨረ ግን ሞተሩ ወርዶ ክራንክ ሻፍቱ ወደ ቶርኖ ቤት መሄዱ ግድ ነው፤ እዚያ የሚፈጨው 0.25 ይሁን 0.50 ሚሊ ሜትር የሚታወቀው ሲለካ በመሆኑ፣ የብሮንዚኑ ሂሳብ የሚከፈለው ባለሙያው ልኩን በወረቀት ጽፎ ከሰጠ በኋላ ይሁን።