የሕንዱ ፕሬዠር ድስት፦ ለማን ያዋጣል፣ ለማን አያዋጣም

ለሚቸኩል ሰው መልሱን ከፊት ላስቀምጥ። ቤታችሁ ቦሎቄ፣ ሽምብራ፣ ንፍሮ ወይም ሥጋ ቶሎ ቶሎ የሚቀቀል ከሆነና የምታበስሉት በከሰል ከሆነ፣ ያንን ክዳኑ ተቆልፎ የሚያፏጭ ድስት ግዙ። ኑሯችሁ በሽሮና በፓስታ ከሆነ ግን ብራችሁን ያዙ። ሽሮ በፕሬዠር አይሠራም፣ ፓስታም አያስፈልገውም። ድስቱ ኩሽና ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ይከርማል።

የኔ ባለ 5 ሊትር አሉሚኒየም ነው፣ የሕንድ ሥሪት። ሐዋሳ ገበያው አካባቢ ካሉት የቤት ዕቃ ሱቆች ከአንዱ ነው የገዛሁት። ዋጋውን በብር አልጽፍም፣ ምክንያቱም ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ወር አይሆንም። ይልቅ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት የወር የከሰል ወጪያችሁን ደምሩና ከድስቱ ዋጋ ጋር አስተያዩት። ለኔ ድስቱ ከሁለት ወር የከሰል ወጪ ትንሽ ይበልጥ ነበር፣ እና ይሄ ስሌት ነው ያስገዛኝ።

"ለምን በኤሌክትሪክ አታበስዪም?" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ተከራይ የሆነ ሰው ግን አይጠይቀኝም። ግቢያችን ውስጥ ቆጣሪው የጋራ ነው። አከራያችን ስቶቭ መሰካት ከልክለዋል፣ ምጣድማ አይታሰብም። እውነት ለመናገር አይፈረድባቸውም። ታሪፉ በእርከን ነው፤ ብዙ በተጠቀሙ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም እየወጣ ይሄዳል፣ እና አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ላይ ሲደመር ሁላችንም አንድ ላይ ወደ ውዱ እርከን እንገባለን፣ ብቻውን ቢሆን እዚያ የማይደርሰው ሰው እንኳ። ስለዚህ ከሰል።

አሁን ድስቱ ለምን እንደሚሠራ፣ በተለይ እዚህ ከተማ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ጥሩ ነገር ይመስላል አይደል? አይደለም። ጅቡቲ ወደብ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ እዚህ 94 አካባቢ ፈልቶ እዚያው ይቆማል። ከሥሩ የፈለጋችሁትን ያህል ከሰል ብትከምሩበት ሙቀቱ ንቅንቅ አይልም፤ የሚጨምረው እንፋሎቱ ብቻ ነው። ቦሎቄ ደግሞ የሚበስለው በሙቀቱ እንጂ በመንተክተኩ አይደለም። "ሐዋሳ ቦሎቄ አይበስልም" የሚሉ ቆላ ያደጉ ዘመዶች አሉኝ፣ ትክክል ናቸው ማለት ነው። አዲስ አበባማ ከኛም ትብሳለች።

ፕሬዠሩ እንፋሎቱን አፍኖ ይይዛል። ግፊቱ ሲጨምር ውስጡ ያለው ውሃ ከ100 አልፎ ወደ 115 እና 120 ዲግሪ ይጠጋል። በቃ፣ ምሥጢሩ ይኸው ነው። ሐሳቡ ራሱ የቆየ ነው። ዴኒ ፓፒን የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1679 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ሲሠራ የፈለገው አጥንት አለስልሶ የሚበላ ነገር ለማውጣት ነበር። ከጥንቱም የቆጣቢ ሰው ዕቃ ነው። የሥጋ ቤት አጥንት አምጥታችሁ አንድ ሰዓት ገደማ አቆዩት፣ የሚወጣው መረቅ ሲበርድ እንደ ጄሊ ይረጋል። በተራ ድስት ይሄን ለማግኘት ግማሽ ቀን ከሰል መጨመር ነው።

ሰዓቱን እንደሆነው ልንገራችሁ፣ ሻጮች እንደሚሉት ሳይሆን። ማታ ውሃ ውስጥ ያደረ ቦሎቄ በተራ ድስት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይወስድብኛል። ያረጀ ከሆነ ከዚያም ያልፋል። በፕሬዠር፣ ማፏጨት ከጀመረ በኋላ፣ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ታዲያ እስኪያፏጭ ድረስ ሌላ 15 ደቂቃ አለ፣ ከዚያ ግፊቱ በራሱ እስኪወርድ ደግሞ ወደ 10 ደቂቃ አለ። ሲደመር 40 ደቂቃ። "በ10 ደቂቃ ሥጋ ያበስላል" የሚሏችሁን አትስሙ። የበሬ ሥጋ፣ ያ ጠንካራው ቅንጣቢ፣ ሲያፏጭ ብቻ 40 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። ቀይ ስር ግን እውነትም ደስ ይላል፣ 20 ደቂቃ ገደማ ነው።

ሳይነከር የሚቀቀል ቦሎቄም ይሆናል፣ ጊዜው ግን እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። እኔ ማታ መንከሩን እመርጣለሁ። ውሃ መንከር ነፃ ነው፣ ከሰል ነፃ አይደለም። የነከራችሁበትን ውሃ ድፉት። በተለይ ትልልቁ ቀይ ቦሎቄ በደንብ ካልበሰለ ማስታወክና ተቅማጥ ያመጣል፤ ውስጡ ያለው ሌክቲን የሚባል ነገር የሚጠፋው በደንብ ሲፈላ ነው። ለብ ባለ እሳት ላይ ቀስ እያለ እንዲበስል የተተወ ቦሎቄ ከጥሬው ሊብስ ሁሉ ይችላል። በዚህ በኩል ፕሬዠሩ ጥሩ ነው፣ ግማሽ ጥሬ አይተውም።

ከሰል ላይ አንድ ጣጣ አለ። ድስቱ አንዴ ማፏጨት ከጀመረ ብዙ እሳት አይፈልግም፣ ከሰል ደግሞ እንደ ቡታጋዝ ዝቅ አይልም። ብዙ ሰው እሳቱን እንዳለ ይተወውና ድስቱ ሰፈሩን እስኪረብሽ ያፏጫል። የሚወጣው እንፋሎት ሁሉ የተገዛ ከሰል ነው እኮ። ላቀች ምድጃ ካላችሁ የአየር በሯን ዝጉ። (ላቀች ራሷ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ አንጻር ሩብ ያህል ከሰል ታተርፋለች፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ልዩነቱ ኪስ ውስጥ የሚታየው።) የቆርቆሮ ምድጃ ከሆነ ፍሙን በማንኪያ ወደ ዳር ገፋ ገፋ አድርጉት። ጊዜው ሲደርስ ድስቱን አውርዱና ክዳኑን ሳትነኩ ተዉት። ውስጡ ገና ከ100 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ያለ እሳት መብሰሉን ይቀጥላል። ያን ሰዓት ምድጃው ነፃ ነው። እኔ ቁሌቱን የምጀምረው ያኔ ነው፣ ከዚያ በቀረችው ፍም ቡና ይፈላል። በአንድ ጭነት ከሰል ሦስት ሥራ። ድሮ ቦሎቄው ብቻውን ሁለት ጭነት ይበላ ነበር።

የከሰሉ ቁጠባ ደስ ይላል፣ ግን ትልቁ ትርፍ እሱ አይደለም። ርካሽ ምግብ ሁልጊዜ ጊዜ የሚበላው ነው። ቦሎቄ ከምስር ክክ ይረክሳል፣ ግን ምስር ክክ በግማሽ ሰዓት ይደርሳል፣ ስለዚህ ከሥራ በ12 ሰዓት የገባ ሰው ረቡዕና አርብ ምስሩን ነው የሚያነሳው፣ ምስር ደግሞ ዋጋው የት እንደደረሰ ገበያ የወጣ ያውቃል። ጠንካራው ሥጋ ከለስላሳው ይረክሳል፣ ግን ማን ሁለት ሰዓት ይቆምለታል? በቆሎና ቦሎቄ ንፍሮም እንደዚያው። እኛ አገር ቦሎቄ ሞልቷል፣ እዚሁ ከምርምር የወጣ "ሐዋሳ ዱሜ" የሚባል ቀይ ዘር እንኳ አለ፣ እኛ ግን ጊዜ ስላጣን ውዱን እንገዛለን። ድስቱ የቀየረው ይሄንን ነው። ቦሎቄ በቤታችን የእሑድ ምግብ ነበር፣ አሁን የሥራ ቀን ምግብ ሆነ። የአስቤዛ ወጪያችን የወረደው በዚህ ነው፣ ከሰሉ ተጨማሪ ነው።

ግን በጅምላ ቀቅዬ ለሳምንት ላስቀምጥ የሚል ካለ፣ ፍሪጅ ከሌለው ይተው። በሐዋሳ ሙቀት የተቀቀለ ቦሎቄ ከአንድ ቀን አያልፍም፣ ይኮመጥጣል። ያኔ ቁጠባው ወደ ቆሻሻ ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ሻጩ "እህቴ፣ ይሄ ድስት ለልጅ ልጅሽ ይደርሳል" አለኝ። ድስቱ ሊደርስ ይችላል። ክዳኑ ውስጥ ያለችው ጎማ ግን ዓመት እንኳ አልሞላትም። ስትደርቅ እንፋሎቱ በጎን መውጣት ይጀምራል፣ ድስቱ ማፏጨቱን ያቆማል፣ ውሃው ያልቃል፣ ቦሎቄው ሥሩ ይይዛል። ለመቀየር ስመለስ ሱቁ ጎማ የለውም። ድስቱን በየወሩ የሚያስመጣ ሰው ጎማውን አያስመጣም። ሌሎቹ ሱቆች ያላቸው ዙሪያው ልክ ሆኖ ውፍረቱ አይሆንም፣ ክዳኑ አይቆለፍም። በመጨረሻ ያገኘሁት መናኸሪያ አካባቢ ስቶቭና ቡታጋዝ ከሚጠግን ሰው ነው። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ ከዋጋው በፊት "ጎማው አለ?" በሉ። ካለ አንድ ትርፍ አብራችሁ ግዙ። ከሌለ የፈለገ ቢረክስ ውጡ። ጎማዋም ዕድሜ እንዲኖራት ከተጠቀማችሁ በኋላ አውጥታችሁ እጠቧት፣ ድስቱንም ቆልፋችሁ አታስቀምጡት። ክዳኑን ገልብጣችሁ ከላይ ጣል አድርጉት።

ስለ መፈንዳቱ። አከራያችን ድስቱን ያዩ ቀን "ልጄ፣ ይሄን ነገር ከግቢዬ አውጪልኝ፣ ቦምብ ነው እኮ!" አሉ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፣ ግን የሚያፈነዳው የሰው ሥራ ነው። ክዳኑ ላይ ከማፏጫው ሌላ አንዲት ትንሽ መድኅን አለች። ማፏጫው ተደፍኖ ወይም ውሃው አልቆ ሙቀቱ ሲያልፍ እሷ ቀልጣ ወይም ተነቅላ እንፋሎቱን ታስወጣለች። ታዲያ አንዳንድ ጠጋኝ እሷ ስትሄድ ቀዳዳውን በቡሎን ይደፍነዋል። እንዲህ ዓይነት ድስት ካያችሁ፣ ያገለገለም ሆነ ስጦታ፣ አትንኩት። ከዚያ ውጪ ሕጉ ቀላል ነው። ከማብሰላችሁ በፊት የማፏጫውን ቀዳዳ ወደ ብርሃን ይዛችሁ እዩት፣ ማዶ መታየት አለበት። ከሁለት ሦስተኛ በላይ አትሙሉ፣ ጥራጥሬ ከሆነ ደግሞ ከግማሽ አትለፉ፣ ስለሚያብጥና አረፋ ስለሚያወጣ። አንድ ማንኪያ ዘይት አረፋውን ይቀንሳል። ግፊቱ ሳይወርድ ክዳኑን በጉልበት መታገል የለም። አከራያችን አሁን ቀይ ስራቸውን ይልኩልኛል።

የማይሆንበትም አለ። ዶሮ ወጥ አትሞክሩበት፣ ሽንኩርት ክዳን ተቆልፎበት አይቁላላም። ምስር ክክና ሽሮ ማፏጫውን ይደፍናሉ። ከአሞራ ገደል፣ ከሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ፣ ያመጣችሁት ዓሣ አያስፈልገውም፣ ይበታተናል። አሉሚኒየም ቲማቲምና ሎሚ አይወድም፣ ስለዚህ እኔ የምቀቅለው በሱ ነው፣ የምሠራው በሌላ ድስት።

መብራት የራሳችሁ ከሆነ ደግሞ ባለ ኤሌክትሪኩን ፕሬዠር እዩት። 1,500 ዋት ስቶቭ ሙሉ ጉልበቱን እየሳበ ሁለት ሰዓት ሲቆይ 3 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ባለ ኤሌክትሪኩ ዙሪያው ሙቀት ስለማያስወጣና ሲበቃው ራሱ ስለሚያቆም ከዚያ እጅግ ያነሰ ይበላል፣ አጠገቡ መቆምም አይጠይቅም። ጉዱ መብራት መጥፋቱና ኃይሉ ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው። የውስጡ ካርድ ከተቃጠለ ጠጋኝ ማግኘት ከጎማም ይከፋል። የኔ ተራው ድስት መብራት ኖረ አልኖረ ግድ የለውም።

መጠኑን በተመለከተ፣ 5 ሊትሩ በግማሽ ሕግ ሲሰላ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ አለፍ ያለ ደረቅ ቦሎቄ ነው የሚይዘው። ለአራት ሰው ልክ ነው። ቤተሰቡ ከዚያ ከበዛ ወይም እንግዳ ከማይጠፋበት ቤት ከሆናችሁ 7 ሊትሩን ውሰዱ። ለሁለት ሰው 3 ሊትር ይበቃል፣ ትልቅ ድስት ባዶውን ለማሞቅም ከሰል ይበላልና።