አባዬ አብመድን መልሰው ያገኙበት የዲሽ ሱቅ፣ ባህር ዳር

ከጊዮርጊስ ወደ ትልቁ ገበያ ስትሄዱ መንገድ ዳር ከተደረደሩት ኮንቴይነር ሱቆች መሀል አንድ ዲሽና ሪሲቨር የሚሰራበት ቤት አለ። ታፔላውን ፀሐይ ስለበላው ጽሁፉ አይነበብም፣ ግን በሩ ላይ አሮጌ ዲሽ ተሰቅሏል፣ በሱ ታውቁታላችሁ። ባለቤቱ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፣ ሰፈርተኛው ጋሼ ነው የሚላቸው። ቤታችን መጥተው የሰሩትን ስራ ሳልጽፍ ባልፍ ደስ አይለኝም።

ነገሩ የጀመረው ሐምሌ ላይ ነው፣ ንፋስ ቀላቅሎ ዘነበና ዲሻችን ዞረ፣ ስክሪኑ ላይ ሲግናል የለም ብቻ ይላል። መጀመሪያ ሌላ ቦታ የሚሰራ ልጅ ጠራሁ። ምስሉን በሃያ ደቂቃ መለሰልኝ፣ እውነቱን ለመናገር በዛ በኩል ጎበዝ ነው፣ ግን የድሮውን ሊስት አጥፍቶ እንደ አዲስ ስካን አድርጎት ሄደ። ከዛ በኋላ አባዬ ሪሞቱን ይዘው ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ሲጫኑ ይውላሉ። ፈረንጅ ፊደል አያነቡም፣ ቻናሎቹን የሚያውቁት በቁጥርና በስም ነው። "አብመድ የት ገባ? አጠፉት እንዴ?" ይሉኛል። የአማራ ክልሉን ቴሌቪዥን ማለታቸው ነው። አሚኮ ማለት እኮ እሱ ነው አባዬ፣ ስሙን ቀይረውት ነው እላቸዋለሁ፣ እሺ ይሉኛል፣ በማግስቱ ደግሞ አብመድ የት ገባ ነው። ልጁን ሁለቴ ደውዬ ቻናሎቹን እንዲያስተካክልልኝ ለመንኩት፣ ምስሉ መጣ አይደል እንዴ ብሎ ዘጋው።

ጋሼ ግን ሲመጡ መጀመሪያ የነኩት ዲሹን አይደለም፣ አባዬ ጎን ነው የተቀመጡት። "ወንድም ጋሼ፣ ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ የሚያዩት የቱን ነው? ይሄን ማን ነበር የሚሉት?" እያሉ ጠይቀው ጠይቀው ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ሪሲቨሩ የአማርኛ ፊደል አይቀበልም፣ ስለዚህ ቻናሎቹን በቁጥር ቅደም ተከተል አስያዙና የካርቶን ክዳን ቆርጠው በማርከር በትልቁ ጻፉላቸው፣ 1 ኢቲቪ፣ 2 አብመድ፣ እንዲህ እያለ እስከ 12። አሚኮ ሳይሆን አብመድ ብለው ነው የጻፉት፣ አባዬ በሚያውቁት ስም። ቴሌቪዥኑ ስር ለጠፉት። ጣቢያው ነገ ሌላ ስም ቢያወጣ እንኳን ቁጥሩ 2 ነው አሉኝ።

ከዛ ነው ጣራ የወጡት። ዲሹ ድሮ ናይልሳት ለሚባለው ሳተላይት ወደ ምዕራብ ዞሮ ነበር የሚቆመው፣ የጎረቤት ማንጎ እያደገ ሲመጣ ምስሉ ይቆራረጥ ነበር። በ2012 ኢትዮሳት መጥቶ ጣቢያዎቹ ወደ 57 ዲግሪ ምስራቅ ሲሄዱ የብዙ ቤት ዲሽ ዞረ፣ የኛም። ባህር ዳር ላይ ያ ሳተላይት ከ60 ዲግሪ በላይ ከፍ ብሎ ስለሚታይ ዲሹ ወደ ሰማይ ያንጋጠጠ ይመስላል፣ ዛፉም አያገኘውም፣ ይሄን ሁሉ በእጃቸው እያሳዩ ነው ያስረዱኝ። ኤልኤንቢው ላይ፣ ዲሹ ፊት ሲግናል የሚቀበለው ዕቃ ማለት ነው፣ ያለው ኮኔክተር ዝጎ ነበር ቀየሩት፣ ውሃ እንዳይገባ በላስቲክ ጠቀለሉት፣ እግሩ ላይ ሁለት ብሎን ጨመሩለት።

እናቴ ቡና አፍልታ ስለነበር ሳይጠጡ አይሄዱም ተብለው ተቀመጡ፣ እኔ ደግሞ ለምን ስም ይቀያይራሉ ብዬ ጀመርኩ። ሰውየው ከልጅነታቸው ጀምረው ራዲዮ ሲፈቱ ነው ያደጉት፣ የጣቢያ ስም ሲነሳ ፊታቸው ይበራል። ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ታስታውሳላችሁ አሉ፣ አባዬ እንዴት አላስታውስም አሉ። መለያ ፊደሉ፣ ጣቢያው የሚታወቅበት ማለት ነው፣ ኢ ቲ ኤል ኤፍ ነበር። 1955 ተከፍቶ 1969 ደርግ ሲወርሰው ስሙም አብሮ ቀረ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ፊደሎች ኢ እና ቲ በዓለም አቀፍ ስምምነት ለኢትዮጵያ የተሰጡ ናቸው፣ አውሮፕላኖቻችንም ጅራታቸው አካባቢ ኢቲ የሚል አላቸው። ኢቲቪ ግን ከዛ የመጣ አይደለም፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከሚለው ነው፣ እሱም ከ1957 ጀምሮ ስንት ስም አየ፣ ድርጅት ተባለ፣ ኢቢሲ ተባለ፣ መልሶ ደግሞ ኢቲቪ ዜና ኢቲቪ መዝናኛ ሲባል አየን። ሕዝቡ ግን አንድም ቀን ከኢቲቪ ሌላ ብሎት አያውቅም።

አሜሪካን አገር ደግሞ ሁሉም ጣቢያ መለያ ፊደል አለው፣ በአብዛኛው ከሚሲሲፒ ወንዝ ምስራቅ ያለው በደብልዩ፣ ምዕራብ ያለው በኬ ይጀምራል። ሲከፈቱ የተሰጣቸውን ይዘው እስከ ዛሬ ያሉ አሉ አሉኝ፣ እኔም ማታ ገብቼ ሳነብ አመሸሁ። ክሊቭላንድ ያለው ደብልዩ ኢ ደብልዩ ኤስ እ.ኤ.አ. በ1947 ሲከፈት የስክሪፕስ ጋዜጦችን በመሰረተው ሰውዬ ስም ፊደሎች ነው የተጠራው፣ ዛሬም የዛው ኩባንያ ነው። አትላንታ ያለው ደብልዩ ኤስ ቢ ቴሌቪዥኑ የተከፈተው በ1948 ነው፣ ፊደሎቹን ከራዲዮው ነው የወረሰው፣ ወንድሜ እንኳን ወደ ደቡብ በደህና መጣህ እንደማለት ነው ትርጉሙ። ቺካጎ ያለው ደብልዩ ጂ ኤን የዓለም ታላቁ ጋዜጣ ከሚለው የወጣ ነው፣ ጋዜጣውና ጣቢያው ከተለያዩ ስንት ጊዜ ሆነ፣ ፊደሉ ግን አልተነካም።

የቀየሩም አሉ። ዲትሮይት ደብልዩ ደብልዩ ጄ የሚባል ነበር፣ የጋዜጣ ባለቤቶች እ.ኤ.አ. በ1978 ጣቢያ ሲለዋወጡ ደብልዩ ዲ አይ ቪ ሆነ፣ ከዛ በ1995 እዛው ከተማ ውስጥ ሌላ ጣቢያ የድሮውን ስም አንስቶ ወሰደው። የዲትሮይት ሽማግሌዎች ምን እንዳሉ እንጃ፣ እኔ አባዬን ነው ያሰብኩት። አንድ ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ ማታ ማታ የጠራውን ስም ስትቀይርበት ቤቱ ውስጥ የለመደውን ነገር ነው የወሰድክበት፣ ሎጎ ሲያምር ብቻ አይበቃም። እዚሁ ባህር ዳር እኮ በኵር ጋዜጣ አለ፣ በኛ አቆጣጠር ከ1987 ጀምሮ በኵር ነው፣ ያሳታሚው ስም ሲቀየር እንኳን እሱ በኵር እንደሆነ ነው፣ አባዬ ልጅ ልከው በኵር ግዛልኝ ሲሉ ማንም አይደናገርም።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ጉልበት 700 ብር ነው የከፈልኩት፣ ኮኔክተርና ብሎን ለብቻ። ቴሌብር ይቀበላሉ፣ ደረሰኝ ግን የለም፣ ለመስሪያ ቤት የምታሰሩ ከሆነ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሌላው የማይመቸኝ ነገር ቀጠሮ ያረዝማሉ፣ እኔ አራት ቀን ጠብቄያለሁ፣ ብቻቸውን ስለሆኑ ነው። እሁድ ዝግ ነው፣ ጊዮርጊስ በሚነግስበት ቀንም እንዳትሄዱ። ከሰሩት ሶስት ወር አለፈው፣ መስከረም ላይ ያ ሁሉ ዝናብ ወርዶ ምስሉ አንዴም አልጠፋም።

ሽማግሌ ወይ አሮጊት ቤት ያላችሁ ሰዎች፣ ስትደውሉላቸው ዲሽ ይሰራልኝ ብቻ ሳይሆን ቻናሉንም ያስይዙልኝ በሏቸው፣ ለሱ ተጨማሪ አይጠይቁም። ማርከር ግን ራሳችሁ ግዙ፣ የሳቸው አልቋል።