«የተጓዥ ተማሪ ፓኬጅ» የምትገዙ ወላጆችና ተማሪዎች ተጠንቀቁ

ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ፓወር ባንክና የሶኬት አዳፕተር በአንድ ላይ ተደርጎ «የተጓዥ ተማሪ ፓኬጅ» በሚል ስም የሚሸጥበትን ማስታወቂያ ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ እንደገና ማየት ስለጀመርኩ ይህን ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ባለፈው ዓመት ጳጉሜን ላይ፣ ለማስተርስ ትምህርት ወደ ጀርመን ለሚሄደው ታናሽ ወንድሜ ቦሌ አካባቢ ከሚገኝ አንድ ሱቅ ይህንኑ ፓኬጅ በ98 ሺህ ብር ገዝተን ነበር።

ከሁሉም የጎዳን ስልኩ ነው። ያገለገለ አይፎን 11 ሲሆን፣ ሻጩ የወንድሜን ሲም ካርድ በራሱ እጅ አስገብቶ «እህቴ፣ ደውለሽ ሞክሪው» አለኝ፤ ደወልኩ፣ ኢንተርኔቱም ሠራ፣ ከዚህ የበለጠ ምን ማረጋገጫ አለ ብዬ ከፈልኩ። ወንድሜ ጀርመን በገባ በሦስተኛው ቀን እዚያ የገዛውን ሲም ለማስገባት የሲም ማስቀመጫውን ሲያወጣ፣ ከአሮጌው ሲም ሥር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች ቁራጭ ተለጥፋ አገኘ፤ የማሸጊያ ትራፊ መስላው ቆሻሻ ውስጥ ጣላት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስልኩ የትኛውንም ሲም አልቀበል አለ። ሻጮቹ «ችፕ» የሚሏት እሷን ነው። ስልኩ አሜሪካ ውስጥ ለአንድ የቴሌኮም ድርጅት ደንበኞች ብቻ እንዲሠራ ተቆልፎ የተሸጠ በመሆኑ፣ ችፗ የሌላውን ድርጅት ሲም የዚያኛው አስመስላ ታሳልፈዋለች። እንዲህ ያለ ስልክ የሌላ ድርጅት ኢ-ሲምም (ካርድ ሳይገባ ስልኩ ላይ የሚጫን ሲም) አይቀበልም።

አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ሱቁ ደጃፍ ቆሜ በተጨቃጨቅሁ ነበር። ጀርመን ውስጥ ግን ተማሪ ለቪዛው ሲል በዝግ ሒሳብ ካስቀመጠው 11,904 ዩሮ በወር 992 ዩሮ የሚለቀቅለት እዚያ የባንክ ሒሳብ ሲኖረው ነው፤ ወንድሜ ሒሳቡን ሊከፍት የሄደበት ባንክ ደግሞ የማረጋገጫ ቁጥሩን የሚልከው በስልክ ነበር። የሰው ስልክ እየተዋሰ ከሰነበተ በኋላ፣ ለምግብ ከያዘው ላይ ቀንሶ ርካሽ ስልክ ገዛ።

ስለዚህ አይፎን የምትገዙ ሰዎች፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ጀነራል»፣ ቀጥሎም «አባውት» የሚለውን ክፈቱና «ካሪየር ሎክ» በሚለው ትይዩ የሰፈረውን አንብቡ። «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» የሚል ካልሆነ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያጓጓ ተዉት። የሲም ማስቀመጫውንም ራሳችሁ አውጥታችሁ እዩት፤ ሻጩ ሊያወጣላችሁ ሲቻኮል እኔ ቅንነት መስሎኝ ነበር።

ፓወር ባንኩ ከኤርፖርት ፍተሻ አላለፈም። ጀርባው ላይ «50,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት» የሚል ተጽፎበታል፤ ይህ በባትሪው 3.7 ቮልት ተባዝቶ ለሺህ ሲካፈል 185 ዋት-ሰዓት (ባትሪ የሚይዘው ኃይል መለኪያ) ይመጣል፣ መንገደኛ ደግሞ ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ ፓወር ባንክ ይዞ አውሮፕላን መሳፈር አይፈቀድለትም። ክብደቱን ላየ ሰው የተጻፈውን ያህል እንደማይዝ ግልጽ ነበር፤ ፈታሹ ግን የሚያነበው ጽሑፉን ነውና የሻጩን ውሸት ዋጋ እኛ ከፈልን። 20,000 የሚለው 74 ዋት-ሰዓት ስለሆነ ያለ ተጨማሪ ፈቃድ ያልፋል፤ እሱም ቢሆን በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም።

አዳፕተሩ ደግሞ ከነጭራሹ አላስፈለገም። የጀርመን ሶኬት እኛ ቤት የምንጠቀምበትን ባለ ሁለት ክብ እግር መሰኪያ ይቀበላል፣ ኃይሉም 230 ቮልት ነው፤ ቻርጀሩ ላይ «100-240» የሚል ከተጻፈ ሌላ ነገር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ላፕቶፑ ይሠራል፤ ባትሪው ግን ከመሰኪያው ከተነቀለ አርባ ደቂቃ አይቆይም።

ይኸው ሻጭ ሒሳቡን ከዘጋን በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዶላርም እናዘጋጅላችኋለን፣ ዶላር የትም ይሠራል» ብሎን ነበር። እንኳን እሺ አላልነው። ከባንክና ፈቃድ ካለው የምንዛሪ ቢሮ ውጭ ዶላር መግዛት ሕገወጥ ከመሆኑ በላይ፣ የያዛችሁት ኖት ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ የት ሄዳችሁ ትከስሳላችሁ? ጀርመን ውስጥም የዳቦ መሸጫው የሚቀበለው ዩሮ ነው፤ ዶላር ይዞ የሄደ ተማሪ ገና ሲደርስ በምንዛሪ ይከስራል። ፓስፖርቱን፣ ቪዛውንና የአውሮፕላን ትኬቱን ይዘን ባንክ ሄድን፤ ወረፋው ግማሽ ቀን ቢፈጅብንም ዩሮ ጠይቀን ዩሮ አገኘን።

ወንድሜ ከሄደ በኋላ ለአቤቱታ ወደ ሱቁ ስመለስ የተሰጠኝ መልስ «እዚህ ሠርቶ ነው የወሰዳችሁት» የሚል ነበር። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ለገዢ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ በእኔ እጅ ያለው ግን በእጅ የተጻፈ፣ «የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ 98,000» ብቻ የሚል ቁራጭ ወረቀት ነው። እናንተ ኮከብ፣ መሰላል፣ ዜሮ ስድስት፣ መሰላል ስትደውሉ የሚመጣውን ባለ 15 አሃዝ የስልኩን መለያ ቁጥርና «ያልተቆለፈ» የሚለውን ቃል በደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ሻጩ ይህን አልጽፍም ካለ ስልኩን መልሱለት።