ለሚያፈስ የካምፐር መስኮት፦ ዳይኮር ቡቲል ቴፕ

ዝናባማዋ የአሜሪካ ከተማ ሲያትል ውስጥ አሮጌ ካምፐር ቫን (ውስጡ አልጋ ያለው የጉዞ መኪና) ያለው ሰው ጥቅምት ገብቶ ዝናቡ ሲጀምር የሚያስበው ስለ መስኮቱ ነው። የእኔ ፎርድ ኢኮኖላይን የጎን መስኮቶቹ የአሉሚኒየም ፍሬም አላቸው። ከአልጋው በላይ ያለው መስኮት ዝናብ በመጣ ቁጥር ፍራሹን ያርሰው ነበር።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ ፍሬሙን በውጭ በኩል ዙሪያውን ሲሊኮን ለቀለቀበትና ሸኘኝ። ትንሽ ጊዜ ያዘ። ከዚያ ውሃው ከሲሊኮኑ ጀርባ እየገባ ግድግዳው ውስጥ ቀረ፤ ኮምፔንሳቶውም መበስበስ ጀመረ። ይባስ ብሎ ፍሬሙ ታች ላይ ውሃ የሚወጣባቸውን ትንንሽ ቀዳዳዎች አብረው ደፍነዋቸዋል። እነዚያ ቀዳዳዎች የተሠሩት ሆን ተብሎ ነው። ማንም እንዲደፍንባችሁ አትፍቀዱ!

ቡቲል ቴፕ ማለት ከቡቲል ጎማ የተሠራ የሚጣበቅ ማሸጊያ ነው። የሚሠራው ሲሊኮን በማይደርስበት ቦታ፣ በፍሬሙና በመኪናው አካል መካከል ነው። አይደርቅም። እንደ ማስቲካ ለስላሳ ሆኖ ስለሚቆይ መኪናው ሲንገጫገጭ፣ ብረቱ በፀሐይ ሲለጠጥና በብርድ ሲኮማተር አብሮት ይሄዳል። እኔ የገዛሁት ዳይኮር የሚባለው ኩባንያ ጥቅል ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር፣ ስፋቱ 19 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 9 ሜትር ገደማ ነው።

አድካሚው ነገር መለጠፉ ሳይሆን ማጽዳቱ ነው። ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈትታችሁ መስኮቱን ሙሉ በሙሉ አውጡት፤ ሌላ ሰው በውጭ በኩል ይያዝላችሁ። የድሮውን ሲሊኮን በፕላስቲክ መፋቂያ አንድም ሳይቀር ፍቃችሁ በአልኮል ወልውሉት። የሲሊኮን ቅባት በቀረበት ቦታ ላይ ምንም ነገር አይጣበቅም። ዝገት ካገኛችሁም አክሙትና ቀለም ቀቡት፤ ቴፑ ዝገትን ይሸፍናል እንጂ አያቆምም። ሲገጠም የቴፑ ጫፎች መገናኘት አለባቸው። ብሎኖቹን ቀስ በቀስ፣ በየተራ አጥብቁ። በማግስቱ ቴፑ ተጨምቆ ስለሚሳሳ እንደገና አጥብቁና የተረፈውን በፕላስቲክ ቢላ ቁረጡት።

ቴፑ ጉድለት የለውም አልልም። በብርድ ጠንከር ይላል፤ ከመለጠፋችሁ በፊት ቤት ውስጥ አሙቁት። ሞቃት ቀን ላይ ደግሞ ከፍሬሙ ሥር ትንሽ እየወጣ አቧራ ይይዛል። የእኔ መስኮት ግን ኦሎምፒክ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦበት ፍራሹ ደረቅ ነበር። ለኔ ይሄ በቂ ነው።

እንደ ቮልስዋገን ቫናገን መስታወቱ በጎማ ብቻ የተያዘ መኪና ካላችሁ ግን ይሄን አትግዙ። ለእሱ የሚያስፈልገው አዲስ ጎማ ነው።