ሞተሪኖ እዚህና እዚያ

ታናሽ ወንድሜ ጀርመን አገር ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፤ እኔ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ መካኒክ ነኝ። የማን አሠራር ይሻላል እያልን በስልክ ሁሌ እንከራከራለን።

ሞተሪኖ፣ ማለትም ሞተሩን የሚያስነሳው፣ ሲደክም እኔ እፈታዋለሁ። ብዙ ጊዜ ያለቀው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ካርቦኑ ነው፤ እሱን ቀይሬ፣ ውስጡን በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ጠርጌ እገጥማለሁ። ጥቁሩ ዱቄት ሁለት ቀን ከጥፍሬ አይለቅም። ወንድሜ ጋ ግን የሰው ጉልበት በሰዓት ስለሚታሰብና ውድ ስለሆነ ሙሉውን መቀየር ይረክሳል። እዚህ ላይ እኛ እንበልጣለን፣ አልደብቅም።

ቴስታታ፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ላይ ግን አፌን እይዛለሁ። እነሱ ብሎኑን ከመሃል ወደ ዳር በተራ፣ የጥብቀቱን ልክ በሚለካ ቁልፍ (ቶርክ ሬንች)፣ ፋብሪካው ባወጣው ልክ ያጠብቃሉ። እዚህ «እጄ ያውቀዋል» ብሎ የሚያስር ስንት አለ! እኔው ራሴ እንዲያ ያሰርኩት ቪትዝ በሳምንቱ ተመልሶልኛል፤ ውሃ ገብቶበት ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል።

ምርመራ እዚያ ለአዲስ መኪና በ3 ዓመቱ፣ ከዚያ በየ2 ዓመቱ ነው፤ እኛ በየዓመቱ ለቦሎ እንሮጣለን።

ደንበኛውስ? የእሱ ቁልፍ ሰጥቶ ይሄዳል። የእኔ በርጩማ ስቦ አጠገቤ ይቀመጣል፣ ሻይ ያዝዛል፣ «ያቺን ብሎን ጠበቅ አድርጋት እንጂ!» ይላል። ወንድሜ ይሄ ነው የናፈቀኝ ይለኛል። ይምጣና ይውሰዳቸው።