መኪናዬን ላዳመጡልኝ ጋሼ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያና አካባቢው ያላችሁ ወገኖቼ፣ ይህን ምስጋና ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ቆይቻለሁ። ድምፁ ይመለስ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነው። አልተመለሰም። አምስት ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝን የመኪናዬን ሕመም አንድ ሰው በአንድ ቅዳሜ ጠዋት አወቁት፣ በሳምንቱ አበጁት። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ አጥብቀው ስለለመኑኝ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። አድራሻቸውን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ለማንም አልደብቅም።

መኪናዬ የ2014 ፎርድ ሙስታንግ ጂቲ ናት፤ ባለ 5 ሊትር፣ ስምንት ሲሊንደር፣ 420 የፈረስ ጉልበት። ዘጠኝ ዓመት የሌሊት ነርስ ሆኜ ሠርቼ በላቤ የገዛኋት ናት። ለታይታ አልገዛኋትም። አባቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር፤ ኤንትሬ የሚባለውን የፊያት ጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከኮምቦልቻ ጋቢና አስቀምጦኝ ይሄድና ባቲ አክስቴ ዘንድ ይተወኝ ነበር። ያ መንገድ በ1990 ዓ.ም. በጦርነቱ እስኪዘጋ ድረስ የልጅነቴ ክረምት ሁሉ የሞተር ድምፅ ነበር። መኪና የወደድኩት እዚያ ነው።

ባለፈው መስከረም ከኋላዬ ቀጭን ልቅሶ መስማት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ጋራዥ "ጎማ ነው" አለኝ፤ አራት አዲስ ጎማ ገዛሁ፣ ልቅሶው እንዳለ ቀረ። ሁለተኛው "የኋላ ጎማ ኩሽኔታ ነው" ብሎ፣ ጎማው ሳይፈተግ እንዲዞር የሚያደርገውን ብረት ለውጦ 780 ዶላር ተቀበለኝ። ከዚያ በኋላ ጭራሽ ሌላ ተጨመረበት። በሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቀስ ብዬ ስጠመዝዝ ከመቀመጫዬ ስር ድግድግ እያለ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ተመልሼ ብነግራቸው ሰውየው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ "ባለቤትሽ ይምጣና ለእሱ እናስረዳዋለን" አለኝ። ባለቤት የለኝም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ሦስተኛው ቦታ መኪናዋን ከመሬት እንኳ ሳያነሱ የኋላው አካል በሙሉ ይለወጥ፣ 4,600 ዶላር አምጪ አሉኝ። ያንገበገበኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ከሦስቱ አንዳቸውም አብሮኝ ተቀምጦ አንድ ዙር አልዞረም። በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም እኛ ሆስፒታል ቢገኝ አንድ ቀን አያድርም።

ጋሼ ዘንድ ያደረሰችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ገና ሰላም እንዳልኳቸው "ንጂ ልጄ፣ እኔ አዳምጣለሁ" ብለው አጠገቤ ተቀመጡና ሬዲዮውን አጠፉ። 395 አውራ ጎዳና ላይ ወጣን። "እርገጪ" አሉኝ፤ ረገጥኩ፣ ጸጥ አለ። "አሁን ልቀቂ" አሉኝ፤ ለቀቅሁ፣ ልቅሶው መጣ። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። "ጎማ ቢሆን አስፋልቱ ሲለወጥ ድምፁም ይለወጥ ነበር። የጎማ ኩሽኔታ ቢሆን ወደ ግራና ቀኝ ስትይ ይለዋወጥ ነበር። ይሄ ግን የሚከተለው እግርሽን ነው። ዲፈረንሻል ነው፤ የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው" አሉኝ።

ጋራዥ ተመልሰን መኪናዋን ከፍ አድርገው አነሷትና የኋላ ጎማዎቹ በአየር ላይ እየዞሩ ከመሳቢያቸው ማዳመጫ አወጡ። እኔ በየሌሊቱ አንገቴ ላይ የማንጠለጥለው ዓይነት ነው፤ ጫፉ ላይ ብቻ ረጅም ብረት አለው። ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ከጆሯቸው አወለቁት፣ የጆሮውን ጫፎች በንጹህ ጨርቅ ጠረጉና ሰጡኝ። "ነርስ ነኝ አላልሽኝም? እኔ ከምነግርሽ ራስሽ ስሚው" አሉኝ። ብረቱን ጎማው አጠገብ አስነኩልኝ፤ ለስላሳ ነው። ከሞተር የሚመጣው ዘንግ ዲፈረንሻሉ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ ሲያስነኩት ግን ጠጠር የሚፈጭ ወፍጮ ጆሮዬ ውስጥ የተከፈተ መሰለኝ። ስንት ሳንባ ያዳመጥኩበት ጆሮዬ ሕመሙን በአንድ ጊዜ አወቀው። በእነዚያ ወራት ውስጥ እንደ ሰው የተቆጠርኩት ያን ጊዜ ነው። እውነት እላችኋለሁ፣ ይህን መቼም አልረሳላቸውም።

የኋላ ክዳኑን ሲከፍቱ ዘይቱን በጣታቸው ነክተው አሳዩኝ፤ በብረት ብናኝ ያብለጨልጫል። ዘይቱን የሚይዘው የላስቲክ ቀለበት፣ ፓራዮሊዮው፣ ሲያፈስ ኖሮ ዘይቱ ጎድሎ የዲፈረንሻሉ ኩሽኔታ ተበልቷል። መንቀጥቀጡስ? የጎማ ኩሽኔታ ለመለወጥ ዲፈረንሻሉ መከፈትና ዘይቱ መፍሰስ አለበት አሉኝ፤ የለወጡት ሰዎች መልሰው ሲሞሉት ለዚህ ዓይነት ዲፈረንሻል የሚጨመረውን ፈሳሽ ሳይጨምሩ ቀርተዋል። "የዲፈረንሻሉ ጥርሶች ግን ደህና ናቸው፤ ሁሉም ይጣል ማለት ኃጢአት ነው" አሉ።

ከዚያ ወዲያ የሠሩትን አልተረዳሁትም። በሳምንቱ ስሄድ ያየሁት ጥርሶቹን ቢጫ ቀለም ቀብተው በእጃቸው ሲያዞሩ፣ የቀለሙን ዱካ በባትሪ ሲያዩ፣ ራሳቸውን ነቅንቀው እንደገና ሲፈቱ ነው። እኔ እያየሁ ብቻ ሦስት ጊዜ ፈትተው ገጠሙ። "ይበቃል" ማለት ይችሉ ነበር፤ አላሉም። የከፈልኩት 1,150 ዶላር ነው፤ አሮጌዎቹን ኩሽኔታዎች ከነደረሰኙ በከረጢት አድርገው አስረከቡኝ። እጃቸው ይባረክ።

ቤት ስገባ ኮምቦልቻ ለአባቴ ደወልኩ። እንዳያስብ ብዬ እስከዚያ ቀን ምንም አልነገርኩትም ነበር። ከኋላ ድምፅ ነበራት ስለው ቀድሞ የጠየቀኝ "ስትረግጪ ነው ስትለቂ?" ብሎ ነው። "ስለቅ" አልኩት። "ሠሪው እንዲህ ብሎ ጠይቆሻል?" አለኝ። አዎ ስለው ዝም ብሎ ቆየና "እንግዲያው መኪናሽን ሌላ ቦታ እንዳትወስጂ" አለኝ።

እናንተም ሌላ ቦታ አትውሰዱ። በተለይ እህቶቼ፣ "ባለቤትሽን አምጪ" ሳትባሉ የሚያስረዳችሁ ሰው አለ። ጋሼ 500 ማይል ስሞላ ዘይቱን በነጻ ሊያዩልኝ ቀጥረውኛል፤ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እዚያ ነኝ። የምታለቅስ መኪና ያላችሁ ጻፉልኝ፣ አብረን እንሂድ።